አፍ የሚፈታው በመናገር ነው



«ዝም አይነቅዝም» ይላል ያገራችን ሰው። የእኛ የተማሪዎች ዝምታ ግን ነቅዟል፤ ከነቀዘም ውሎ አድሯል። አስተማሪው በእንግሊዝኛ አንድ ጥያቄ ጠይቆ ዙሪያውን ሲመለከት፣ ክፍሉ በሙሉ ባንድ አፍታ አቀርቅሮ ደብተር መመርመር መጀመሩ የዕለት ተዕለት ሥርዐት ሆኗል። መልሱ ጠፍቶ ነውን? አይደለም። ያው ክፍል ተበትኖ፣ ያው ተማሪ ወደ ቄራ ወርዶ ሻይ ቤት ሲቀመጥ፣ ያው ጥያቄ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በጉራጊኛ ተብጠርጥሮ ይተነተናል። አስተማሪውን የሚሞግት፣ መጽሐፉን የሚያርም፣ ከገጠር እስከ ከተማ ምሳሌ የሚደረድር ተማሪ ሞልቷል። በማግሥቱ ክፍል ሲገባ ግን አንደበቱ እንደ ገና ይታሰራል። እንግዲህ ይህ ዝምታ ካለማወቅ የመጣ አይደለም ብለን እንነሣለን፤ ካለመለማመድ የመጣ ነው እንላለን፤ ከዚህም አልፈን፣ እንዲህ ሆኖ የቆየው ሊያስለምደን የፈለገ ስለ ጠፋ ነው እስከ ማለት እንደርሳለን።

ነገሩ የተነሣው እንዲህ ነው። የኅብረታችን የቋንቋ ንዑስ ኮሚቴ አንድ ትንሽ ሐሳብ አቀረበ። በሳምንት ሁለት ቀን ከትምህርት ሰዓት በኋላ አንድ ባዶ ክፍል ይከፈትልን፤ በሦስት በአራት እየተከፈልን፣ አንዱ ሻጭ አንዱ ገዢ፣ አንዱ ሐኪም አንዱ በሽተኛ፣ አንዱ ቀጣሪ አንዱ ሥራ ፈላጊ እየሆንን በእንግሊዝኛ እንነጋገር የሚል ነበር። የቋንቋ አስተማሪዎች ይህን ዘዴ «የሚና ጨዋታ» ይሉታል። ገንዘብ አልጠየቅንም። መጽሐፍ አልጠየቅንም። የጠየቅነው አንድ ቁልፍ ነው። ለዚህች ቁልፍ የተሰጠን መልስ ግን የሚያስገርም ሆነ። አንደኛው ወገን «እቃቃ መጫወት ካማራችሁ ወደየሰፈራችሁ ሂዱ» አለን። ሁለተኛው «መጀመሪያ ሰዋስው እወቁ፤ ንግግሩ በኋላ ይደርሳል» አለ። ከራሳችን መካከል የተነሣው ሦስተኛው ወገን ደግሞ «የፈረንጅ አፍ ለማስመሰል የኅብረቱ ጊዜ አይባክን» ሲል ፈረደብን። ለሦስቱም መልስ አለን። ከዚያ በፊት ግን አንደበታችን እንዴት እንደ ታሰረ መናገር ይገባል።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአንደኛ ደረጃ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና በከፍተኛ ትምህርት ግን ማስተማሪያ እንዲሆን ደነገገ። ስለዚህ በዚህ መንገድ አልፎ ዩኒቨርሲቲ የደረሰ ተማሪ አሥራ ሁለት ዓመት እንግሊዝኛ ተምሯል ማለት ነው። አሥራ ሁለት ዓመት! እስቲ ሒሳቡን አብረን እንሥራው። አንድ ክፍለ ጊዜ 40 ደቂቃ ነው እንበል። በክፍሉ 60 ተማሪ አለ እንበል፤ የመንግሥት ትምህርት ቤት የተማረ ሰው ይህን ቁጥር ተጋነነ አይለውም። አስተማሪው ቸር ሆኖ የክፍለ ጊዜውን ግማሽ ለተማሪው ንግግር ቢተው፣ 20 ደቂቃ ለ60 ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ሴኮንድ ይደርሰዋል። በሳምንት አምስት ክፍለ ጊዜ ቢኖር 100 ሴኮንድ ነው። ሁለት ደቂቃ እንኳ አትሞላም። ይህም አስተማሪው ቸር ሲሆን ነው። ብዙዎቻችን የምናስታውሰው ግን አስተማሪው ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እኛም ስንገለብጥ ነው፤ አፋችንን የከፈትነው «የስ ቲቸር» ለማለት ብቻ ነው።

ፈተናውንስ እንደ እኛ የሚያውቀው ማን አለ? የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና የእንግሊዝኛ ወረቀት ማንበብን ይፈትናል፤ ቃላትን ይፈትናል፤ ሰዋስውን ይፈትናል። መናገርንስ? መናገር የሚባለው ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ በወረቀት ላይ ተጽፎ፣ አንዱ መልስ ባዶ ሆኖ፣ ከአራት ፊደላት አንዱን መምረጥ ነው። ይህ ሰውን ውኃ ውስጥ ሳያስገቡ ዋና እንደ መፈተን ያለ ነገር ነው። የ2014 ዓ.ም. ፈተና ውጤት በተነገረ ጊዜ፣ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ አገሩ ሁሉ ጉድ አለ። ስለ ኩረጃ ተነገረ፤ ስለ አስተማሪዎች ብቃት ተነገረ፤ ስለ ወላጆች ቸልተኛነት ተነገረ። ያ ሁሉ ወጣት ፊዚክሱንም ኬሚስትሪውንም የተፈተነው አፉን ባልፈታበት ቋንቋ መሆኑን ያነሣ ሰው ግን ጥቂት ነበር። በ2015 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ተመራቂዎች ሁሉ የተጀመረው የመውጫ ፈተናም መንገዱ ያው ነው፤ ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ትክክለኛውን ፊደል መምረጥ። እንግዲህ አንድ ተማሪ ሳይናገር ገብቶ ሳይናገር ሊመረቅ ይችላል። ከተመረቀ በኋላ መጀመሪያ የሚያጋጥመው ነገርስ ምንድን ነው? አንድ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ሦስት ሰዎች፣ ከሦስቱ አንዱ በእንግሊዝኛ የሚወረውረው «ስለ ራስህ ንገረን» የሚል ጥያቄ ነው።

አስተማሪዎቻችንን ለብቻቸው አንከስም። አስተማሪ የሚያስተምረው የሚፈተነውን ነው፤ ተማሪም የሚያጠናው የሚፈተነውን ነው። «ኢንግሊሽ ፎር ኢትዮጵያ» በሚባሉት የመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ ከጓደኛህ ጋር ተነጋገር፣ እንዲህ ያለ ሰው ሆነህ ጠይቅ የሚሉ መልመጃዎች ነበሩ። ፈተና ላይ ስለማይመጡ ገጹ ተገልጦ ይታለፋል። የመድኀኒቱ ጠርሙስ ከእጃችን ላይ ነበረ ማለት ነው፤ ማንም አልከፈተውም እንጂ።

ስለ ፕላዝማውም ጥቂት እንበል። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ትልልቅ ቴሌቪዥኖች ተተክለው ትምህርት በሳተላይት መሰጠት ጀመረ። ያገሪቱ ገንዘብ ፈሰሰበት። በዚያ ዘመን የተማሩ ታላላቆቻችን ሲያወጉ፣ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው አስተማሪ ጥያቄ ጠይቆ ጥቂት ሴኮንድ ይጠብቅና፣ ማንም ይመልስ ማንም አይመልስ፣ «ቬሪ ጉድ» ብሎ ይቀጥል ነበር ይላሉ። እኛ በዚህ ወግ እንስቃለን። ነገር ግን የቋንቋ ትምህርታችንን ከዚህ የበለጠ የሚገልጸው ነገር የለም፤ የሚናገር እንጂ የሚሰማ አስተማሪ አልነበረም። ጥሩ እንግሊዝኛ መስማት ብቻውን ተናጋሪ ቢያደርግ ኖሮ ያ ትውልድ ሁሉ አፈ ጮሌ በሆነ ነበር። በካናዳ እንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች ትምህርታቸውን በፈረንሳይኛ እንዲማሩ የተደረገበትን ሙከራ ያጠኑት ሜሪል ስዌን የተባሉ ምሁር፣ በ1985 እ.ኤ.አ. ይህንኑ አመልክተዋል። ልጆቹ ለዓመታት ፈረንሳይኛ ሰምተው መረዳቱን አሳምረው ይዘውት ሳለ፣ ንግግራቸውና ጽሕፈታቸው ግን ወደ ኋላ ቀርቶ ተገኘ። ምክንያቱም የሌላውን ቃል መረዳት አንድ ነገር ነው፤ የራስን ሐሳብ አምጦ ማውጣት ሌላ ነገር ነው። ተማሪ እስኪያምጥ ድረስ ካልተገፋ አይወልድም።

አሁን ወደሚያመው ነገር እንምጣ። በክፍላችን ውስጥ የሚናገሩ ጥቂት ተማሪዎች አሉ። እነማን ናቸው? አብዛኛዎቹ ወላጆቻቸው ገንዘብ ከፍለው ያስተማሯቸው፣ በግቢው ውስጥ አማርኛ ሲናገር የተገኘ ልጅ በሚቀጣበት ትምህርት ቤት ያደጉ ናቸው። እነርሱን አንወቅስም፤ ልጅ ትምህርት ቤቱን አይመርጥም። ነገር ግን ሰሚናሩን የሚመሩት እነርሱ ናቸው፤ ከእንግዳ ጋር የሚነጋገሩት እነርሱ ናቸው፤ ውድድር ሲኖር የሚላኩት እነርሱ ናቸው። ከገጠር ወረዳ ከፍተኛ ነጥብ አምጥቶ የመጣው፣ ሒሳቡን ለእነርሱ ማታ ማታ የሚያስረዳው ተማሪ፣ ቀን ከኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ የገዛ መልሱን ከሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ይውላል። «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» የተባለው ደርሶበታል። እንግሊዝኛ ዛሬ ኬላ ነው። በኬላው ላይ ቀረጥ የሚከፈለው በአንደበት ነው፤ አንደበቱን በልጅነቱ የተገዛለት ያልፋል፤ ያልተገዛለት ዕቃውን ተሸክሞ ይመለሳል። እኛ አንድ ክፍል ይከፈትልን ስንል ይህን ቀረጥ ድሃውም የሚከፍልበትን መንገድ መፈለጋችን ነው። በ1953 ዓ.ም. በኮሌጅ ቀን ታምሩ ፈይሳ የተባለ ተማሪ «ድሃው ይናገራል» የሚል ግጥም አንብቦ ነበር። ዛሬ በክፍላችን ውስጥ ድሃው አይናገርም።

ይህ ሁሉ እንዴት ይድናል ለሚለን ሰው አስተማሪው ሩቅ አይደለም፤ እዚሁ ቄራ ነው። ለብዙ ዘመን በቄራ የከብት ገበያ የዋለ ሰው ደላላውን ያውቀዋል። የሐረሩ ሰንጋ፣ የቦረናው በሬ፣ የአርሲው ወይፈን ባለቤቱን አስከትሎ ይመጣል፤ ባለቤቱ የሚናገረው ሌላ፣ የሚገዛው ሰው የሚናገረው ሌላ ነው። ደላላው በሁለቱ መካከል ቆሞ ሁለትና ሦስት ቋንቋ እያገላበጠ ያስማማቸዋል። ይህን ቋንቋ ማን አስተማረው? ግሥ ያረባለት ማን ነው? ማንም። ባንድ ቃል ጀመረ፤ ተሳሳተ፤ ተሳቀበት፤ ሳቁን ከምሳው ጋር በልቶ በማግሥቱ ተመለሰ። ሊያስረዳው የሚገባ ነገር ነበረው፤ የሚሰማው ሰው ነበረ፤ ካላስረዳ የሚያጣው ገንዘብ ነበር። ለመናገር የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች እነዚህ ናቸው፤ ሦስቱም በክፍላችን ውስጥ የሉም። «ይህ ብዕር ነው፤ ያ ወንበር ነው» የሚል ተማሪ የሚያስረዳው ነገር የለም። ብዕሩ ብዕር መሆኑን ሁሉም ያያል።

የሚና ጨዋታ የሚያደርገው ነገር ይህን ገበያ ወደ ክፍል ማምጣት ነው። አሠራሩን ያላዩ ስለሚያፌዙበት ዘርዘር አድርገን እንግለጸው። ሦስት ተማሪዎች አሉ። ለእያንዳንዳቸው አንዳንድ ቁራጭ ወረቀት ይሰጣል፤ አንዱ የሌላውን ወረቀት አያይም። የሻጩ ወረቀት «በሬህን እስከ ማታ ካልሸጥህ ወደ አገርህ የሚመለሰው መኪና ያመልጥሃል፤ ይህን ግን ማንም እንዳያውቅብህ» ይላል። የገዢው ወረቀት «የፋሲካ ዋዜማ ነው፤ ከአምስት ጎረቤት ለቅርጫ የተዋጣ ገንዘብ ይዘሃል፤ ከዚህ በላይ አንድ ብር የለህም» ይላል። የደላላው ወረቀት «ከሁለቱም ወገን ድርሻህን ካላገኘህ ሽያጩን አፍርስ» ይላል። አምስት ደቂቃ ቃላት ይፈልጋሉ፤ እርስ በርስ ይጠያየቃሉ። ከዚያ ወረቀቱ ይታጠፍና ጨዋታው ይጀመራል። ማንም ቀድሞ የጻፈለት ንግግር ስለሌለ፣ ሻጩ የሚለው ነገር ገዢው በሚለው ላይ የተመሠረተ ይሆናል፤ መስማት ግዴታ ነው፤ መመለስ ግዴታ ነው። አንድ አራተኛ ሰው ዳር ተቀምጦ ስሕተቱን ይመዘግባል፤ ነገር ግን መካከል ገብቶ አያርምም። ጨዋታው ካለቀ በኋላ ምዝገባው ይነበባል፤ የተሳሳተው ይቃናል፤ ከዚያ ሚና ይለዋወጡና ያው ጨዋታ እንደ ገና ይጀመራል። ሁለተኛው ዙር ከመጀመሪያው የተለየ መሆኑን ለማየት ሊቅ መሆን አያሻም። ያንን ሒሳብ ደግሞ አንርሳ። 60 ተማሪ በሦስት በሦስት ተከፍሎ በሃያ ቡድን ባንድ ጊዜ ቢነጋገር፣ በዚያው 20 ደቂቃ ውስጥ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው 20 ሴኮንድ መሆኑ ቀርቶ 6 ደቂቃ ከ40 ሴኮንድ ይሆናል። ያለ ገንዘብ፣ ያለ ሳተላይት፣ ሃያ እጥፍ!

«በሬን በእንግሊዝኛ የሚሸጥ ማን ነው?» ብሎ የሳቀ ወንድም ነበር። ማንም አይደለም። ነገር ግን የሎንዶን ባቡር ጣቢያ ትኬት ቆራጭ ሁን የተባለ የደብረ ታቦር ልጅ ሁለት ሸክም ይሸከማል፤ ቋንቋውንም ይፈልጋል፤ ያላየውን ባቡርም በሐሳቡ ይሠራል። በሬውን ግን ያውቀዋል። ክርክሩን ያውቀዋል። የጎደለው ቃሉ ብቻ ስለሆነ ኀይሉን ሁሉ ቃሉ ላይ ያውለዋል። ዛሬ በሬ የሸጠበትን የክርክር ስልት ነገ ደመወዙን ሲደራደር ይጠቀምበታል። ከበሬው ቀጥሎ የቤት ኪራይ ጨምር የሚል አከራይና የሌለው ተከራይ ይመጣሉ፤ ከዚያ ሐኪምና በሽተኛ፤ ከዚያ ቀጣሪና ሥራ ፈላጊ፤ ከሁሉ የሚከብደው በመጨረሻ ይመጣል፤ እርሱም ከአስተማሪው ጋር በትሕትና የማይስማማ ተማሪ ነው።

«እቃቃ ነው» ላሉን መልሳችን፣ አዎን እቃቃ ነው የሚል ነው። በእቃቃ ያላደገ ኢትዮጵያዊ ማን ነው? አንዷ እናት፣ አንዱ አባት፣ አንዷ እንግዳ ሆና «ቤቶች!» ስትል ነው ልጅ የትልቅ ሰው አነጋገር የሚለምደው። ለመሆኑ የሕግ ተማሪዎች የውሸት ከሳሽና የውሸት ተከሳሽ አቁመው ሲከራከሩ እቃቃ የሚላቸው ማን ነው? የአየር መንገዳችን አብራሪ መሬት ላይ በተተከለ የበረራ ማስመሰያ ውስጥ ተቀምጦ፣ ያልነደደ ሞተር ነደደ ብሎ ሲለማመድ ይሳቅበታል? በአሜሪካ ዶክተር ሃዋርድ ባሮውስ በ1963 እ.ኤ.አ. ጤነኛ ሰው በሽተኛ መስሎ የሕክምና ተማሪ እንዲመረምረው የማድረግን ዘዴ ሲጀምሩ የሳቁባቸው ነበሩ፤ ዛሬ ግን በብዙ አገር የሐኪሞች ፈተና የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። ስሕተት ዋጋ በሚያስከፍልበት ሥራ ሁሉ፣ ሰው አስቀድሞ ስሕተት ዋጋ በማያስከፍልበት ቦታ ይለማመዳል። ለእኛ ብቻ ይህ ቦታ ለምን ይከለከላል? የመጀመሪያውን የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገራችንን በቀጣሪ ፊት እንድንሳሳት ለምን ይፈረድብናል?

ሰዋስው ይቅደም ለሚሉት የምናቀርበው ምስክር ከውጭ አገር የመጣ አይደለም። የቅኔ ቤቱን ተማሪ ተመልከቱ። ግእዝ በቤቱ የሚነገር፣ በገበያ የሚሰማ ቋንቋ አይደለም። ግሡንና አገባቡን ይማራል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ግሡን እስኪጨርስ ድረስ አፉን ዘግቶ ይቀመጣልን? ከጉባኤ ቃና ጀምሮ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ እየቈጠረ በመምህሩ ፊት ይቆማል፤ ይሰማል፤ ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል። የትናንቱን ደግሞ መምጣት አይፈቀድለትም። አባቶቻችን የማይነገር ቋንቋ እንኳ የሚለመደው አዲስ ነገር በመፍጠር መሆኑን ካወቁ፣ ዘመናዊ ነን የምንለው እኛ የሚነገረውን ቋንቋ በመገልበጥ እንማረዋለን ማለታችን ምን ይባላል? ሰዋስውን አልጠላንም። ተመዝጋቢው ያወጣው ስሕተት ሁሉ ሰዋስው ነው። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ከጨዋታው በኋላ የሚመጣ የሰዋስው ትምህርት የሚጠብቀው ሰው አለው። «ትናንት በሬውን ሸጬ ነበር» ለማለት ሦስት ጊዜ ሞክሮ ያቃተው ተማሪ ያለፈ ጊዜ ግሥን እንደ ጥም ውኃ ይጠጣታል።

ሦስተኛውን ወገን እናከብራለን፤ ጥያቄውም ከንቱ አይደለም። ልጆቻችን በማያውቁት ቋንቋ ለምን ይማራሉ የሚለው ክርክር ገና ያልተዘጋ ነው፤ ባማርኛና በሌሎቹ ቋንቋዎቻችን ሳይንስ ይጻፍ የሚል ሰው ቢነሣ ከፊት እንሰለፋለን። ነገር ግን እስከዚያ ድረስ ተማሪው ዝም ብሎ ይቈይ ማለት አገር መውደድ አይደለም። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ዓ.ም. የተነሡት ተማሪዎች ዘውዱን የሞገቱባቸው እንደ «ስትራግል» እና «ቻሌንጅ» ያሉ መጽሔቶች የእንግሊዝኛ ስም ነበራቸው፤ ክርክሩም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነበረ። ጸጋዬ ገብረ መድኅን አማርኛውን ሳይተው «ኦዳ ኦክ ኦራክል» የተባለውን ተውኔት በእንግሊዝኛ ጽፎ በ1965 እ.ኤ.አ. አሳትሟል። የሰው ቋንቋ መቻል ባንዳ አያደርግም። ባንዳ የሚመስለንስ ዐማርኛውን በ«ሶ»ና በ«አክችዋሊ» እያጨቀ፣ አንድ ሙሉ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ተናገር ቢሉት የሚሸሸው ነው፤ ይህ በሽታ ግን ሌላ ጽሑፍ ይፈልጋል።

የፈረንጅ አፍ ማስመሰልም አልተመኘንም። ከቄራ ተነሥቶ ወደ ሜክሲኮ አቅጣጫ በእግሩ የሚሄድ ሰው የአፍሪካ ኅብረትን ረጅም ሕንፃ ያያል። ቦታው ቀድሞ «ዓለም በቃኝ» ይባል የነበረው ወህኒ ቤት የነበረበት ነው፤ አዲሱ ሕንፃ በ2004 ዓ.ም. ተመረቀ። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የናይጄሪያው በናይጄሪያ ቅላፄ፣ የኬንያው በኬንያ ቅላፄ፣ የዛምቢያው በዛምቢያ ቅላፄ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ ማንም አይስቅበትም፤ የሚሰማው ጉዳዩ ነው። ከዚያ አዳራሽ ብዙ በማይርቅ ሰፈር የምንኖር ተማሪዎች ቅላፄያችን ያስቃል ብለን አፋችንን መዝጋታችን ያሳፍራል። ስሕተት በተሰማ ቁጥር ከኋላ ወንበር የሚነሣው ሳቅ ከአስተማሪ የመጣ አይደለም። ከእኛው ከተማሪዎቹ ነው። ከአለንጋ ይልቅ ብዙ አንደበት የቈረጠው ይህ ሳቅ ነው።

ዘዴው ጉድለት የለውም አንልም። ክፍሉ ይንጫጫል፤ በጎረቤት ክፍል የሚያስተምር ሰው ይቈጣል። ተናጋሪው የዝምተኛውን ጊዜ ይበላል፤ ስለዚህ ሚናው በዕጣ መሰጠት አለበት፤ ዝምተኛው የደላላውን ቦታ ሲያገኝ ሳይወድ ይናገራል። ከአስተማሪ ዐይን ሲርቁ ወደ አማርኛ መመለስ ይኖራል፤ ይህን ተመዝጋቢው ይቈጣጠራል። አንድ ነገር ደግሞ ከወዲሁ እናስጠንቅቅ፤ ሥራ አስኪያጁ ሁልጊዜ ወንድ፣ ጸሓፊዋ ሁልጊዜ ሴት የምትሆንበትን ጨዋታ አንቀበልም። እኅቶቻችን በሰሚናሩ ላይ የተጫነባቸው ዝምታ እጥፍ ነው፤ ከጨዋታው ውስጥም እንደ ገና ሊጫንባቸው አይገባም። የተጻፈ ንግግር በቃል አጥንቶ መድረክ ላይ መውጣትም የሚና ጨዋታ አይደለም፤ «ሃው አር ዩ፣ አይ አም ፋይን» ተባብሎ መጨባበጥ ሰውን በቀቀን ያደርጋል።

እንግዲህ የምንጠይቀው የታወቀ ነው። ክፍሉ ይከፈት። በመጀመሪያ ዓመት የእንግሊዝኛ ትምህርት ከሚሰጠው ነጥብ ጥቂቱ እንኳ፣ ከመቶ ሃያውም ቢሆን፣ ተማሪው ከተማሪ ጋር ሲነጋገር ተሰምቶ የሚሰጥ ይሁን፤ የሚፈተነው ነገር ብቻ ይጠናል ካልን፣ መናገርም ይፈተን። ለዚህም አስተማሪዎቻችን ጊዜ የለንም ቢሉ፣ ምዝገባውን እኛ እንሠራለን፤ እነርሱ መጥተው ይስሙን።

ቁልፉ እስኪሰጠን ድረስ ግን አንቀመጥም። ማክሰኞና ሐሙስ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ደረጃ ላይ እንገናኛለን። የመጀመሪያው ጨዋታ የበሬው ሽያጭ ነው። ሻጭ ተገኝቷል፤ ገዢ ተገኝቷል፤ ለደላላነቱማ ሰባት ሰው ተመዝግቧል። የጎደለን ዳር ተቀምጦ የሰዋስው ስሕተት የሚመዘግብ ሰው ነው። ሰዋስው ይቅደም ያሉን ወንድሞች ሁሉ ተጠርተዋል፤ እርሳስና ወረቀት ከእኛ ነው።